ሰማዩ ሰፊ ነው፤ አይሮፕላኑ ግን አንድ ነው

ፈተና በቀረበ ጊዜ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ምን እንደሚሆን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም። መጽሐፉ አንድ ነው፤ ፈላጊው አርባ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት ትቀመጥና እያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፉን የሚይዝበትን ሰዓት ይጽፍባታል። አንዱ የሁለት ሰዓት ተራ ይዞ ሳይመጣ ይቀራል፤ መጽሐፉም ማንም ሳያነበው ተዘግቶ ይውላል። ሌላው በሦስት ቀን ውስጥ አራት ቦታ ይዞ ይገኛል። የሰው ስም ሰርዞ የራሱን የጻፈም አለ፤ ማን እንደ ሆነ ብናውቅም ለዛሬ አንናገርም።

አሁን በመጽሐፉ ፈንታ አይሮፕላን እናስብ። የመጽሐፉ ተራ ቢዛባ የሚጎዳው የአንድ ተማሪ ማርክ ነው። የአይሮፕላኑ ተራ ቢዛባ ግን ጉዳቱ እስከ ሕይወት ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው በበረራ ትምህርት ቤቶችና በበረራ ክበቦች ዘንድ በኢንተርኔት የሚሠራው የተራ መዝገብ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከምን እንደሚያድንና ከምንስ እንደማያድን ነው። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከአሜሪካን አገር ነው፤ ምክንያቱም ከመካከላችን አንዳንዶቹ መብረር የተማሩት እዚያ ነው።

ክበብ ለምን አስፈለገ?

አይሮፕላን ለአንድ ሰው ኪስ የሚመች ዕቃ አይደለም። በትምህርት ቤቶችና በክበቦች ዘንድ በብዛት የሚታየው ሴስና 172 የሚባለው ባለ አራት መቀመጫ አይሮፕላን ነው። መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል። ይህ ትንሽ አይሮፕላን እንኳ ቢበርም ባይበርም ወጪ አለው፤ የማቆሚያ ኪራይ አለ፤ ኢንሹራንስ አለ፤ የዓመት ምርመራ አለ። አንድ ሰው ብቻውን ቢይዘው በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበርበትና የቀረውን ጊዜ መሬት ላይ ለቆመ ብረት ሲከፍል ይኖራል። ሃያ ሰዎች ቢይዙት ግን ወጪው ይከፋፈላል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይኸው ነው። የበረራ ክበብ ማለት እንግዲህ አባሎቹ መዋጮ እያዋጡ አይሮፕላኑን በጋራ የሚይዙበት፣ ለበረሩበትም ሰዓት የሚከፍሉበት ማኅበር ነው። የበረራ ትምህርት ቤት ደግሞ አይሮፕላኑንም አስተማሪውንም አቅርቦ በሰዓት የሚያስከፍል ድርጅት ነው።

በማኅበር ሆኖ መብረር ለአገራችንም ታሪክ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በወረራው ጊዜ በአየር ኃይላችን ያገለገለው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን፣ አስቀድሞ በቺካጎ ከጓደኛው ከኮርኒሊየስ ኮፊ ጋራ የጥቁር አብራሪዎችን ማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነበር። በዘር ልዩነት ምክንያት የነጮቹ የበረራ ሜዳ ስለ ተዘጋባቸው የማኅበሩ አባሎች ሮቢንስ በምትባለው የጥቁሮች መንደር የራሳቸውን ሜዳ ሠሩ። አንድ ሰው ለብቻው ሊያገኘው ያልቻለውን በጋራ አገኙት። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ያረፈውም እዚሁ በአዲስ አበባ ነው።

ሆኖም በጋራ መያዝ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ጊዜ ሃያው አባል ሁሉ መብረር ይፈልጋል። ታዲያ ማን ይብረር?

ከደብተሩ ወደ ኢንተርኔቱ

በቀድሞው ጊዜ የዚህ ጥያቄ መልስ በክበቡ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ደብተር ነበር። አባሉ ስልክ ይደውላል፤ ስልኩን ያነሣው ሰው በእርሳስ ይጽፋል። እርሳስ የሚጠፋ ነገር ነው፤ ጆሮም የሚሳሳት ነገር ነው። አንዳንድ ጊዜም ሁለት ሰዎች ለአንድ ሰዓት ተጽፈው ሁለቱም ካርታቸውንና የጆሮ ማዳመጫቸውን ይዘው ከአንዱ አይሮፕላን ክንፍ ሥር ይገናኙ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር በረራ አይባልም።

በኢንተርኔት የሚሠራው መዝገብ ያን ደብተር አባሎች ሁሉ ከያሉበት ሊያዩት ወደሚችሉት ስፍራ አዛወረው። ፍላይት ስኬጁል ፕሮ፣ ስኬጁል ማስተርና ፍላይት ሰርክል የሚባሉት በዚህ ሥራ ከታወቁት መካከል ናቸው። መልካቸው ይለያይ እንጂ መሠረታቸው ተመሳሳይ ነው። አባሉ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ስሙንና የምሥጢር ቃሉን ጽፎ ይገባል። አይሮፕላኖቹ በአንድ ወገን ተደርድረው፣ ሰዓቶቹ በሌላ ወገን ተዘርግተው ያገኛቸዋል። ከባዶው ቦታ መርጦ የሚወጣበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ይመዘግባል።

ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት አንዱን ቦታ ቢጠይቁስ? መሣሪያው ከደብተሩ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። እውነተኛው መዝገብ አንድ ብቻ ነው፤ በየሰዉ ስልክ ላይ የሚታየው የእርሱ ምስል ነው። ጥያቄዎቹ ወደ መዝገቡ ሲደርሱ አንዱ ፊት ሌላው ኋላ ሆነው ይስተናገዳሉ። የፊተኛው ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ የኋለኛው እንዲቆይ ይደረጋል፤ ከዚያም ቦታው መያዙ ይነገረዋል። ልዩነቱ የሰኮንድ ጥቂት ክፍል ቢሆንም እንኳ ሁለት ባለቤት አይኖርም። ኋለኛው ሰው ከፈለገ በተጠባባቂነት ይመዘገባል፤ የፊተኛው ቢሰርዝ ወዲያው መልእክት ይደርሰዋል።

ለተማሪ ደግሞ ጥቅሙ ከዚህም ይሰፋል። አንድ ትምህርት እንዲካሄድ አይሮፕላኑ፣ አስተማሪውና ተማሪው ሦስቱም በአንድ ሰዓት ነጻ መሆን አለባቸው። መዝገቡ ሦስቱን አገናኝቶ ካላገኘ ቀጠሮውን አይቀበልም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአሜሪካ በተለመደው መንገድ የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20 ሰዓት ከአስተማሪ ጋራ፣ 10 ሰዓት ደግሞ ለብቻ መሆን አለበት። በአንድ ወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚበር ተማሪ የሚቀጥለውን ትምህርት የሚጀምረው ያለፈውን በማስታወስ ነው፤ የሚያስታውስበትንም ሰዓት ይከፍልበታል። ስለዚህ የተስተካከለ ተራ ማለት ለድኻ ተማሪ ገንዘብ ማለት ነው።

ሰዓት ቆጣሪውና ቁልፉ

አይሮፕላን ዕድሜውን የሚቆጥረው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ በሰዓት ነው። ሆብስ የሚባለው ቆጣሪ እያንዳንዱን ሰዓት በዐሥር ከፍሎ ያሳያል፤ አንዷ ክፍል ስድስት ደቂቃ ናት። አብራሪው ሲወጣ ቆጣሪው 1482.3፣ ሲመለስ 1483.7 ቢያሳይ የበረረው 1.4 ሰዓት ነው፤ ይህም አንድ ሰዓት ከ24 ደቂቃ መሆኑ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በመዝገቡ ላይ ሲያስገባ ሒሳቡ ወዲያው ይወጣል። የሞተሩንም ቆጣሪ እንዲሁ ያስገባል፤ ብዙ ጊዜ ለጥገና የሚታየው ይኸኛው ነው።

ጥገናው ለምን ከተራ መዝገብ ጋራ ይያያዛል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በአሜሪካ ደንብ ትምህርት ቤቱ ራሱ አቅርቦ በክፍያ የሚያስተምርበት አይሮፕላን በየ100 ሰዓቱ መመርመር አለበት። ከ100 አልፎ እስከ 10 ሰዓት መብረር የሚፈቀደው ምርመራው ወደሚደረግበት ስፍራ ለመድረስ ብቻ ነው፤ ያለፈውም ሰዓት ከሚቀጥለው 100 ላይ ይቀነሳል። አሁን አንድ አይሮፕላን ካለፈው ምርመራ ወዲህ 94 ሰዓት በርሯል እንበል። ለቅዳሜ ሦስት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ይዘዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲጨርሱ 99 ይሆናል፤ ሦስተኛው ቢበር 101.5 ይደርሳል። ደብተሩ ይህን አይናገርም፤ የሚታወቀው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወይም ሳይታወቅ ያልፋል። ደኅና የተዘጋጀ መዝገብ ግን ሐሙስ ዕለት መካኒኩንም ሦስተኛውን ተማሪም ያስጠነቅቃል።

የአብራሪውም ወረቀት እንደዚሁ ቀን አለው። ፈቃድ ያለው አብራሪ በ24 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ከአስተማሪ ጋራ ችሎታውን ማስመርመር ይገባዋል። ሰው ለማሳፈር ከፈለገ ባለፉት 90 ቀኖች ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ማረፍ አለበት። ተማሪው ለብቻው እንዲበር አስተማሪው የሚፈርምለት ፈቃድም የሚቆየው 90 ቀን ነው። መዝገቡ እነዚህን ቀኖች ይዞ ጊዜው ላለፈበት ሰው ቦታ እንዳይሰጥ ሊታዘዝ ይችላል። ሰው አፍሮ የማይናገረውን መሣሪያው ሳያፍር ይናገራል።

«3:00» ማለት ስንት ሰዓት ነው?

እኛ ኢትዮጵያውያን በተለይ የምንሳሳትበት አንድ ነገር ስላለ ሳንጠቅሰው አናልፍም። ከአገሩ አዲስ የመጣ ተማሪ በመዝገቡ ላይ የከሰዓት በኋላውን «3:00» አይቶ በልማዱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ብሎ ሊይዘው ይችላል። ያ ሰዓት በእኛ አቈጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጁ በጠዋት ተነሥቶ ወደ ሜዳው ይሄዳል፤ አይሮፕላኑ ሌላ ሰው ይዞ ሲነሣ ቆሞ ያያል፤ በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ አስተማሪው እርሱን ይጠብቃል።

ከዚህም ሌላ በበረራ ዓለም የአየር ጠባይ መግለጫ የሚሰጠው ዙሉ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። በዙሉ 12:00 ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የተራው መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የሜዳውን የአካባቢ ሰዓት ነው። አብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ደግሞ በመጋቢት ወር፣ እነርሱ ማርች በሚሉት፣ በሁለተኛው እሑድ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመልሰዋል። ስለዚህ ዋሽንግተን በክረምታቸው ከዙሉ 5 ሰዓት፣ በበጋቸው 4 ሰዓት ወደ ኋላ ትሆናለች። ቀጠሮውን ከአየር ጠባዩ መግለጫ ጋራ የሚያስተያይ ተማሪ ይህን ካላወቀ፣ ዝናቡ የሚመጣው ካረፍኩ በኋላ ነው ብሎ ያሰበው በመንገድ ላይ ሊያገኘው ይችላል።

ዋናው ነገር

እስካሁን የተናገርነው የመሣሪያውን ምስጋና ነው። አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ተራ የያዘ ሰው ተራውን መልቀቅ ይከብደዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ይዞታል፤ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆበታል፤ ለጓደኛውም አሳፍርሃለሁ ብሎታል። ያ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ደመናው ዝቅ ብሎ ቢያየው «ምናልባት ይገለጥ ይሆናል» ማለት ይጀምራል። መዝገቡ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ከጨመረበት አደጋው ያን ጊዜ ይወለዳል።

ይህን የምንናገረው ከወሬ አይደለም። ከመካከላችን አንዱ ፈቃዱን አግኝቶ አባል የሆነበት አንድ ክበብ ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በክበቡ ደንብ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተራውን የሚሰርዝ ሰው፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ የሁለት ሰዓት በረራ ዋጋ ይከፍል ነበር። ደንቡ የወጣው በመልካም አሳብ ነው፤ ቦታ ይዘው የሚቀሩትን ለመቅጣት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጓደኛችን ደመናው ከኮረብታው ራስ ላይ ተኝቶ አየ። ገንዘቡን አሰበ፤ ለተማሪ የሁለት ሰዓት ዋጋ የወር ምሳ ነው። ተነሣ። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ኮረብታው ከፊቱ ጠፋ። ደግነቱ መመለሻው ገና አልተዘጋም ነበርና ዞሮ አረፈ። አይሮፕላኑን ካሰረ በኋላ እጁ መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስ ክንፉ ሥር ተቀምጦ ቆየ። «የበረርኩት ለገንዘቡ ነው» ሲል ነገረን።

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ ሳይደብቅ ለአባሎቹ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተለወጠ፤ በአየር ጠባይ፣ በሕመም ወይም በአይሮፕላኑ ጉድለት ምክንያት የሚሰርዝ ሰው በመጨረሻዋም ደቂቃ ቢሆን ምንም አይከፍልም። ቦታ ይዞ ሳይሰርዝና ሳይመጣ የቀረ ግን ይከፍላል። በመዝገቡ ላይ የተለወጠው ምክንያቱን መምረጫ አንዲት መስመር መጨመሯ ብቻ ነው። ያች መስመር ግን የሰው ሕይወት ልታድን ትችላለች።

የመመለሻውም ሰዓት እንዲሁ ነው። ሌላ አባል በዐሥር ሰዓት እየጠበቀ መሆኑን የሚያውቅ አብራሪ ይቸኩላል። ቤንዚን ለመጨመር ማረፍ ሲገባው «ይበቃኛል» ይላል። ደንቡ በቀን ወደሚያርፍበት ቦታ ከደረሰ በኋላ ለ30 ደቂቃ፣ በሌሊት ለ45 ደቂቃ የሚበቃ ቤንዚን እንዲተርፈው ያዝዛል፤ ጥድፊያ ግን ደንብ ያስረሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለመሬት ነው፤ በአየር ላይ የፈሰሰ አይለቀምም። ስለዚህ ብልህ ክበብ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል የግማሽ ሰዓት ክፍተት እንዲኖር መዝገቡን ያዝዛል፤ የዘገየም ሰው መልእክት ሲልክ ተከታዩ አባል እንዲያውቅ ያደርጋል።

ሦስተኛው ነገር ጉድለትን መናገር ነው። አብራሪው ሲያርፍ ፍሬኑ መላላቱን ወይም መብራቱ አለመሥራቱን በመዝገቡ ላይ ሊጽፍ ይገባዋል፤ ነገሩ ከባድ ከሆነ አይሮፕላኑ መካኒክ እስኪያየው ይዘጋል። ግን እርሱ ሲጽፍ የሦስት ጓደኞቹ የነገ ቀጠሮ ይሰረዛል። እነርሱም ያኮርፉታል። አንዳንዱ ይህን ፈርቶ ዝም ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የአይሮፕላንን በሽታ የደበቀ ደግሞ የሚጎዳው ራሱን ሳይሆን ነገ ጠዋት የሚመጣውን ሰው ነው። ጉድለት ጽፎ አይሮፕላን ያስቆመ አባል ሊመሰገን እንጂ ሊታማ አይገባውም። ይህን ልማድ ማንም መሣሪያ ሊያመጣው አይችልም፤ የሚያመጡት ሰዎቹ ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ክበብ የሚያቋቁም ወይም የሚገባ ጓደኛ ቢኖር ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እንነግረዋለን። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ቀጠሮ፣ በተለይም የቅዳሜና የእሑድ፣ በቁጥር ይወሰን። የምሥጢር ቃል ለሰው አይሰጥ፤ በወንድሙ ስም አራት ቅዳሜ የሚይዝ ብልጥ የትም አይጠፋምና። በቸልታ መቅረት ያስከፍል፤ በጥንቃቄ መቅረት ግን በነጻ ይሁን። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ የዕለቱ ተራ በወረቀት ታትሞ በቢሮው ይገኝ። የምርመራ ቀኖቹንም አንድ ኃላፊ ከአይሮፕላኑ የጥገና ደብተር ጋራ እያስተያየ ያረጋግጥ፤ መሣሪያው የሚያውቀው ሰው የነገረውን ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አረንጓዴ ሆኖ የታየ ቦታ «ብረር» የሚል ትእዛዝ አለመሆኑን ማወቅ ነው። አይሮፕላኑ ለመብረር ደኅና መሆኑን የመወሰን ኃላፊነት በአሜሪካ ደንብ የአዛዡ አብራሪ ነው፤ የመጨረሻውም ሥልጣን የእርሱ ነው። መዝገቡ «ተራህ ነው» ሊለው ይችላል። «አልበርም» ለማለት ግን ከእርሱ በቀር ማንም የለም። ጥሩ የተራ መዝገብ ብለን የምንጠራውም ይህች ቃል ሳታስከፍል የምትነገርበትን ነው።

የቤተ መጻሕፍቷን ወረቀት በተመለከተ፣ ተራ ይዞ የማይመጣ ጓደኛችን ስሙን አስቀድሞ ቢሰርዝ ማንም አይቀየመውም። መጽሐፉን የሚጠብቁ ሠላሳ ዘጠኝ ሰዎች አሉ።